መስመሩ ተቋረጠ

(ከአንድ የሁለተኛ ዓመት እጩ መምህር)

ከሁለት ሳምንት በፊት በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ አጭር ፊልም አሳይተውን እንደነበር የኛ ክፍል ልጆች ታስታውሳላችሁ። ሌሎቻችሁም ከመኝታ ክፍል ወሬ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ያን ቀን ክፍሉ በሳቅ ሲናወጥ እኔ አልሳቅሁም ነበርና አንዳንድ ጓደኞቼ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁም። የጋዜጣው አዘጋጆች ቦታ ስለፈቀዱልኝ ግን ያልሳቅሁበትን ምክንያት እነሆ እጽፋለሁ።

በቅድሚያ ፊልሙን ላላዩት። በእንግሊዝ አገር ቼሺር በሚባለው ክፍል ሃንድፎርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የሰበካ ምክር ቤት ነበራት። ሰበካ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ አገር የመንግሥት አስተዳደር ታችኛው እርከን ስሙ እንዲህ ነው፤ እኛ ቀበሌ እንደምንለው መሆኑ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የአካባቢ ምክር ቤቶች በአካል ሳይገናኙ፣ በቪዲዮ ወይም በስልክ እንዲሰበሰቡ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የሃንድፎርዝ ሰዎችም በዚሁ ደንብ ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. እየቤታቸው ሆነው በዙም ተሰበሰቡ።

ስብሰባውን ለማገዝ የተገኙት ወይዘሮ ጃኪ ዊቨር ይባላሉ፤ የቼሺር የአካባቢ ምክር ቤቶች ማኅበር ዋና ኃላፊ ነበሩ። ሊቀ መንበሩ «እዚህ ምንም ሥልጣን የለሽም» እያሉ ሲናገሯቸው፣ ወይዘሮዋ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ አንድ ነገር ተጫኑ፤ ሊቀ መንበሩ ከስክሪኑ ላይ እልም! ሌላው አባል የስብሰባውን ደንብ አንብቢ እያሉ ጮኹ፤ እሳቸውም እልም። በጠቅላላው ሦስት ሰዎች መጠበቂያ ክፍል በሚባለው ውስጥ ተዘጋባቸው። ፊልሙ በጥር ወር መጨረሻ ዓለምን አዳርሶ ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነትም ያስቃል። ሽማግሌ ሰው እየተቆጣ ሳለ እንደ ሻማ ጭልም ሲል የማይስቅ ማን ነው?

እኔ ግን ያሰብኩት የተጫነችውን ጣት ነበር። ምክንያቱም እንደሷ ያለች ጣት እኔም አለችኝ።

ትውልዴ በጎጃም አውራ ጎዳና ዳር ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። በ2012 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ከወጡት ክልከላዎች ሁሉ ትንሽ ትልቁ በቃሉ የያዘው አንዱን ነበር፦ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም።

የቀበሌያችን አዳራሽ ተቆለፈ። ችግሩ ግን የሚቆለፍ ዓይነት አልነበረም። መናኸሪያው ጭር ሲል ጫኝና አውራጁ፣ ሊስትሮው፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠው፣ ሁሉም ሥራ ፈታ። ጠላ ቤቶች ተዘጉ። ነጋዴዎችና አቅም ያላቸው ነዋሪዎች ዱቄትና ዘይት አዋጡ፤ «ማዕድ ማጋራት» ይባል ነበር፣ ታስታውሱታላችሁ። የተዋጣው ግን ለሁሉም አይበቃም። ለማን ይሰጥ የሚለውን ዝርዝር ደግሞ የነዋሪው ስብሰባ ማጽደቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ስለ ሊቀ መንበራችን እውነቱን መናገር አለብኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቢፈልጉ ኖሮ ከጸሐፊው ጋር ሁለት ሆነው ፈርመው፣ ዝርዝሩን በር ላይ ለጥፈው ጉዳዩን መጨረስ ይችሉ ነበር። በዚያ ሰሞን ይህንኑ ያደረጉ ጥቂቶች አይመስሉኝም። እሳቸው ግን «ሕዝቡ ሳይሰማማ አይሆንም» አሉ። አስበው አስበው የቀበሌውን ስብሰባ በስልክ ለማድረግ ወሰኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌያችን አምስት ቀጠና አለው። በየቀጠናው አራት አራት ሰው አንድ ስልክ ከበው፣ ላውድ ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ አዋጁ የሚፈቅደው አራት ነውና። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደግሞ አንድ ስልክ አምስቱንም ያገናኛል። አጋጣሚ ሆኖ ስልኩም በአንድ ጊዜ የሚያገናኘው አምስት ሰው ነው። አዋጁና ስልኩ የተማከሩ ይመስል ነበር። የሊቀ መንበሩ ስልክ ግን ቁልፍ ያለው የድሮ ስልክ ስለነበረ የታላቅ ወንድሜን ቴክኖ ተዋሱ፤ ከስልኩ ጋር እኔንም ተዋሱኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ከክፍሌ ልጆች ጋር መስመር እያገናኘሁ ስንጫወት ስለምውል፣ በሰፈሩ «የስልክ ነገር እሱ ያውቃል» ተብዬ ነበር። እንዲህ ሆነና ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እኔ ሆንን። አራት። ከዋዜማው ጀምሮ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በየቀጠናው እየዞረ አስታውቋል።

ስብሰባው መጀመሪያ ላይ ምን ያህል እንዳማረ ልንገራችሁ። በአዳራሹ ስብሰባ ከፊት የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ የታወቀ ነው፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ በር አጠገብ፣ ልጅ ያዘሉት ደግሞ ውጭ ቆመው ነው የሚሰሙት። እናቴ ስንት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ስትሄድ አንድ ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። በስልኩ ስብሰባ ግን ፊትና ኋላ የሚባል ነገር የለም። የእናቴ ድምፅ ከሁለተኛ ቀጠና ሲመጣ ማን እንደሆነች ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። የውሃ ቦኖውን ወረፋ ጉዳይ አንስታ ተናገረች። እግራቸው ታሞ ከቤት የማይወጡ አንድ አዛውንትም ከአልጋቸው ላይ ሆነው መረቁን። ሊቀ መንበሩ ደስ ብሏቸው «ከዚህ በኋላ በሽታው ቢጠፋም እንዲህ እናድርገው እንጂ!» እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው። ሁለተኛ ቀጠና ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለት ጊዜም መልሰን ደወልን። እስኪገቡ ድረስ ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን አቁመው ይጠብቁ ነበር። ይህን በደንብ ያዙልኝ።

ዝርዝሩ ተነበበ። ከአራተኛ ቀጠና አንዲት ሴት ተናገሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኛ ልጆቹ እማማ እንላቸዋለን። ጠላ ጠምቀው የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ንግዱ ከተዘጋ ወር አልፎታል። ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ «የራሷ ቤትና የንግድ ቦታ ያላት» ተብለው ቀርተዋል። እማማ «ቤቱን ጋግሬ ልብላው?» አሉ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ቀጥለው ዝርዝሩን ማን እንዳዘጋጀው ጠየቁ፤ ከተዋጣው ዱቄት ስንት ኩንታል እንደገባና ስንቱ እንደሚከፋፈል ጠየቁ። ጸሐፊው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ስልኩ እያንቋረረ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ሊቀ መንበሩ «ይበቃል፣ ሌላም ሰው አለ» አሉ፤ እማማ አላቆሙም። እንደገና «ይበቃል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው በሁለት ጣታቸው እንደ መቀስ አሳዩኝ።

የስልኩ ስክሪን ላይ አምስቱ ቁጥሮች በተርታ ተደርድረዋል። በየቁጥሩ አጠገብ ቀይ ምልክት አለች። አራተኛዋን ነካሁ።

ጸጥ አለ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አራተኛ ቀጠና መስመሩ ተቋረጠ፤ ይኸው የኔትወርክ ነገር» አሉ። ከቀሩት ቀጠናዎች አንድም ሰው አልተጠራጠረም። ለምን ይጠራጠራል? በዚያው ስብሰባ ሁለት ጊዜ ሲቋረጥ ሰምቷል። እኔ መልሼ ለመደወል ስልኩን ሳነሳ ሊቀ መንበሩ እጃቸውን በእጄ ላይ ጫን አደረጉ። አላስፈራሩኝም፣ አልተቆጡኝም፤ እንዲያው ጫን ብቻ። ዝርዝሩ ጸደቀ። ጸሐፊው በቃለ ጉባዔው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ።

ከዚህ የሚከተለውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የእናቴ ስም ነበረ። ዱቄቱ ቤታችን መጣ። ከዚያ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ በልቻለሁ፤ ርቦኝም ስለነበር ጣፍጦኛል።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ ልመለስ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህንን ታሪክ ስነግረው «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ፤ በአዳራሽም ቢሆን ሊቀ መንበር ሰው ያስቆም የለም ወይ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ያስቆማል። እኔም አይቻለሁ፤ «ተቀመጪ!» ሲባል፣ ሰው ሲያጉረመርም፣ አንዱ ተነሥቶ «ትናገር እንጂ» ሲል። ዳሩ ግን በአዳራሽ ውስጥ ሰው አፉ ሲዘጋ የዘጋው እጅ ይታያል። በስልክ ግን እጁ አይታይም፤ የተዘጋ አፍና የተበላሸ ኔትወርክ ድምፃቸው አንድ ነው። በሃንድፎርዝ ሦስት ሰዎች ተባረሩ፤ ትክክል ይሁን ስሕተት ማን እንዳባረራቸው ግን ስብሰባው ላይ ያለው ሁሉ አየ፤ የተቀረጸውንም ዓለም አየ። በኋላም ነገሩ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሪፖርት ወይዘሮዋ ሰዎቹን ለማስወጣት ሥልጣን እንዳልነበራቸው፣ ሆኖም እንደዚያ ያደረጉበት ምክንያት ሊገባ የሚችል እንደሆነ ተገልጿል። የኛ ቀበሌ ጉዳይ ግን በማን ይመረመራል? በቃለ ጉባዔው ላይ የተቋረጠ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር ስፈልግ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያስገድድ ብራውን አክት የተባለ ሕግ አለ። ወረርሽኙ ሲገባ የግዛቱ አስተዳዳሪ ስብሰባው በስልክና በቪዲዮ እንዲካሄድ ፈቀዱ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ ይህንኑ የሚመለከት ጊዜያዊ ሕግ ወጣ፤ የተወሰነለት ዘመን እ.ኤ.አ. እስከ 2023 መጨረሻ ነበር። በዚያ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ የስብሰባው ስርጭት ቢቋረጥ፣ ወይም በምክር ቤቱ በኩል በደረሰ ብልሽት ሕዝቡ አስተያየት መስጠት ባይችል፣ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ በአጀንዳው ላይ ውሳኔ ማሳለፍ አይቻልም። ይህችን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበራችን እኮ ይህንን ሕግ ሳያነቡ ለሁለተኛ ቀጠና ሁለት ጊዜ አክብረውታል! ለአራተኛ ቀጠና ነው የቀረው።

እንግሊዞቹ በበኩላቸው የፈቀዱት ደንብ ሚያዝያ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. አበቃ። ብዙ ምክር ቤቶች በርቀት መሰብሰቡ እንዲቀጥል ፈልገው ነበር፤ ጉዳዩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ስብሰባ ሲል ሰዎች በአካል አንድ ቦታ መገናኘታቸውን ነው ብሎ ፈረደ። ወደ አዳራሻቸው ተመለሱ። እኛም አዋጁ ካበቃ በኋላ ወደ አዳራሻችን ተመልሰናል። እናቴ ዛሬም ስብሰባ ትሄዳለች፤ ከኋላ በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ እጇን አውጥታ አታውቅም። ስለዚህ «የስልክ ስብሰባ መጥፎ ነው» የሚል ሰው ካለ በእናቴ ምክንያት አልስማማም።

ይህንን ሁሉ ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ተመርቀን ወደየቀበሌው ስንበተን «መምህር፣ እስቲ ቃለ ጉባዔ ያዝልን» መባላችን አይቀርም። ስልክና ኮምፒዩተር ሲመጣም የሚጠሩት እኛን ነው። ለመሆኑ በክፍል ውስጥስ? ታላቅ ወንድሜ በፕላዝማ የተማረበትን ዘመን እያስታወሰ ሲያስቀን፣ የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፍ ነበር ይላል። ባለፈው ለልምምድ ትምህርት በወጣሁበት ትምህርት ቤት ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ሳለ ደወሉ ሊደወል ነው ብዬ አልፌያታለሁ። ገምጋሚዬ መምህር ነጥብ አልቀነሱብኝም፤ አላዩማ።

ለፋሲካ ዕረፍት አገሬ በሄድኩ ጊዜ እማማ ቤት ገባሁ። ጠላ ቤቱ ከተከፈተ ቆይቷል። «ና ግባ የኔ ልጅ፣ አስተማሪ ሆንክ አሉ» ብለው ከመደቡ ላይ አስቀመጡኝ። እንዴት እንደምጀምረው ሳላውቅ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ፣ ያን ጊዜ በስልኩ ስብሰባ መስመሩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ አልኳቸው።

አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «መቼ ላይ ነው የቆረጥከው?» አሉኝ።

«ዱቄቱ ስንት ኩንታል ነው ያሉ ጊዜ» አልኩ።

«እንዴ! ከዚያ በኋላ እኮ ብዙ ተናግሬያለሁ።» ነገሩ ለካስ እንዲህ ነው። የስልኩ ባለቤት እስኪያስተውል ድረስ እማማ ማንም የሌለበት ስልክ ላይ መናገራቸውን ቀጥለው ኖሯል። አራቱም ጸጥታውን ሲሰሙ ሰው ሁሉ ጆሮ ሰጥቶ የሚያዳምጣቸው መስሏቸው ነበር። በኋላ መቋረጡን ሲያውቁ የአሥር ብር ካርድ ገዝተው ደወሉ፤ ስልኩ አይነሳም። የወንድሜ ስልክ ነው፤ እኔ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ሲጠራ አውቃለሁ።

«ምን ነበር የተናገሩት?» አልኳቸው።

ከእሳቸው ቤት ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የታወረ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ስልክ ከከበቡት አራቱም ውስጥ አልነበሩም። እማማ «የኔን ተዉት፣ የሳቸውን ስም ግን አስገቡ፤ ሲቀበሉም እኔ ሄጄ አመጣላቸዋለሁ» ብለው ነበር።

ደብተሬን አወጣሁ። ከላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀጠናውን ጻፍኩ። ከዚያ እማማ እየነገሩኝ የተናገሩትን ከተቋረጠበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሲያልቅ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቆሙኝ።

«‹ጮኸው ተናገሩ› ያልከውን ሰርዘው» አሉኝ። «እኔ አልጮኽኩም። ስልኩ ነው ያንቋረረው።»

ሰረዝኩት።